በቴስታ ያወጣኸው ኳስ

ይድረስ ለልጄ ለኤርሚያስ፤ እግርህን ከስብራት የሚጠብቅ አምላክ ካንተ አይለይ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ጋሽ ኣስመሮም ጉልበታቸውን ኦፐራሲዮን ሆነው ተሽሏቸዋል፤ ልጃቸው ሊዋምም በሰላም ተገላገለች። ትናንት በከዘራ መጡና የላክኸውን የቪዲዮ ካሴት አብረን አየን።

እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን በነጠላዬ ስሸፍን፣ «አበራሽ፣ ግለጪው እንጂ! ሦስተኛ ዲቪዚዮንም ቢሆን ተከላካይ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ። ገለጥኩት። ሕፃን ሳለህ ቅቤ የቀባሁትን አናት ለዚያ ኳስ ሰጥተህ ከጎል መስመር ላይ በቴስታ አወጣኸው። ዝናብ የሚደበድበው የእንግሊዝ ሕዝብ ሁሉ ተነስቶ እኔ ያወጣሁልህን ስም ጠራ። ካሴቱን አስመልሼ ደግሜ አየሁት፣ ልጄ።

ኳሱን ተወውና እኛ ጋ ና እያልኩ የጨቀጨቅሁህን፣ አባትህ እዚህ ያስያዘልህን የፌኸንሃይም ፋብሪካ ሥራ እርሳው፤ አባትህንም ቦታውን ለሌላ ይስጡት ብዬዋለሁ። ብቻ ከየጨዋታው በኋላ ደውልልኝ። ውጤቱን ለጋሽ ኣስመሮም ትነግራቸዋለህ፤ ለእኔ ራስህን እንዳላመመህ ንገረኝ። ያን አናት አምላክ ይጠብቅልኝ።

እናትህ አበራሽ