በምስጋናዬ የተዘጋው የወንዝ ዳር መንገድ

ለተከበሩ ሚስተር ዴንዚል ፖሌት
የአውራጃው ምክር ቤት የእግር መንገዶች ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ወንድሜን እንዳላይ ስለተወሰነልኝ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የጉልበትዎን ደህንነት እመኛለሁ፤ ባለፈው መስከረም የሃዘልኮምን ጫካ ሊመረምሩ መጥተው ከመኪናዎ ሳይወርዱ ስለተመለሱ፣ ጉልበትዎን አሞዎት ይሆን ብዬ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። እኔ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ እስካሁን ደህና ነው፣ የሚሄድበት አጣ እንጂ።

ውሳኔዎ ደርሶኛል። አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ ወረቀቱም ጥሩ ወረቀት ነው። ይህን በጋዜጣ ለሚያነቡት ስል ነገሩን ባጭሩ ልድገመው። ከቤተ ክርስቲያናችን መስክ ተነስቶ በእንጨት ድልድይ የሌድን ወንዝ የሚሻገር፣ ከዚያም ወንዙን ይዞ በጫካው ውስጥ የሚወርድ የእግር መንገድ አለን። መጨረሻው ላይ የወንድሜ የአምብሮዝ ቤት ነው፤ በእኔ እርምጃ ሃያ አምስት ደቂቃ። አምብሮዝ ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ስልክ ቢደወልለት አይሰማም። ጫካውን ባለፈው ዓመት የገዙት አዲሱ ባለርስት ድልድዩ ላይ የብረት በር አቁመው ቆለፉት። ሕጋችን ደግሞ ሕዝብ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይሰብር፣ ሳይደበቅና ማንንም ሳያስፈቅድ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ነው ስለሚል፣ ለእርስዎ አመለከትን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ማለቴ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ሠላሳ ስምንት ሰዎች የሞላነውን ቅጽ አንድ በአንድ ስላነበቡልን እናመሰግናለን። የመንገዱ ስፋት ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ «ሁለት ሰውና አንድ እርጥብ ውሻ ያሳልፋል» ብለን መመለሳችን በቂ አለመሆኑን፣ ውሻውም እርጥብ መሆኑ ለጉዳዩ እንደማያስፈልግ በትዕግሥት አስረድተውናል።

ሁለተኛው በየገናው ስለጻፍኳቸው ካርዶች ነው።

በእኛ መንደር እግርዎን የረገጠዎትን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። እኔም በየገናው ለቀድሞው ባለርስት ለነፍሰ ኄር ሚስተር ታልቦይስ አንድ ጠርሙስ የፕለም ማርማላታና «በመንገዱ እንድናልፍ ስለፈቀዱልን ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ካርድ አደርስላቸው ነበር። አንድም ቀን አስፈቅጃቸው አላውቅም፣ እሳቸውም ፈቅደውልኝ አያውቁም። እንዲያውም አንድ ገና በራቸው ላይ ቆመው «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አስፈቀድሽኝና ነው በየዓመቱ የምታመሰግኚኝ? መንገዱ እንደሆነ እኔ ስወለድም እዚሁ ነበር። ይልቅ ማርማላታውን ወዲህ በይው!» ብለውኛል። ደግ ሰው ነበሩ። ክፋታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርዶቹን አልጣሉም። ሠላሳ አንዱም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረው ተገኙ፣ የአዲሱ ባለርስት ጠበቃም ቆርቆሮውን እንዳለ አምጥተው ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡት።

እርስዎም በገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ነዋሪዎቹ በመንገዱ ያለፉት በመብታቸው ሳይሆን በፈቃድ መሆኑን «የወይዘሮ ትሪንደር የገዛ እጅ ጽሑፍ ያረጋግጣል» ብለው ማመልከቻችንን ውድቅ አደረጉት። ሚስተር ታልቦይስ በራቸው ላይ የተናገሩትን ግን፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ክብደት አልሰጡትም። በላይኛው ኮረብታ ያሉት ሚስተር ግሪምዲች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤታቸውን አጥር ሲሻገሩ ባለቤቱን ጮክ ብለው እየሰደቡ ስላለፉ፣ የእሳቸው መንገድ በየካቲት ጸድቆላቸዋል። ምነው እኔም በሰደብኩ! ሠላሳ ሰባት ጎረቤቶቼ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ጨዋ ናቸውና። እሱ ነው የሚገድለኝ።

ሦስተኛ፣ «አማራጭ መንገድ» ስለጠቆሙን። አምስት ማይል የሚሆነው የመኪና መንገድ የእግረኛ ቦታ የለውም፣ ከድንጋይ ካባው የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ግን ሞልተውታል። አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ሞከርኩት። አንዱ ሹፌር ቆመና «እማማ፣ ጠፍተው ነው?» አለኝ። «አልጠፋሁም ልጄ፣ የምክር ቤቱ አማራጭ ላይ ነኝ» ስለው፣ «አይዞዎት፣ ይግቡ» ብሎ አሳፍሮ ወደ ገዛ ቤቴ መለሰኝ። በጣም አመሰገንኩት፤ ሾርባውንም እኔው በላሁት። ጎረቤቶቼ ሁለቴ በመኪና አድርሰውኛል፣ ሦስተኛ ለመጠየቅ አፈርኩ።

አራተኛውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም። በሩ ከተቆለፈ ወዲህ አምብሮዝና እኔ ሐሙስ ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ እንቆማለን። እሱ በተከለከለው ጫካ ውስጥ አልፎ ይመጣል፤ የክልከላውን ሰሌዳ እንዳያነብ መነጽሩን ሆን ብሎ ቤት ትቶ ይወጣል። ወንዙ ስለሚጮህና እሱም ስለማይሰማ ብዙ አናወራም። እኔ ፔርሙዜን አነሳለሁ፣ እሱም የሱን ያነሳል፣ ሻያችንን እንጠጣለን። ሲሄድ ሁልጊዜ «ማርማላታውን ስጪ፣ ካርዱን ተይ ብዬሽ አልነበር!» ብሎ ይጮህብኛል። ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

ባለፈው ሐሙስ አልመጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅሁት። የፖስታ አመላላሹ እንደነገረኝ በሳል ታሞ ተኝቷል፤ ማንም እንዳይረበሽ ብሎ «ደህና ነኝ» ብሏል፤ የእናታችን ልጅ ነዋ። የጫካው ዛፎች ቅጠላቸው ስለረገፈ ከድልድዩ በር ላይ ሆኜ የቤቱ ጭስ ማውጫ ይታየኛል። በሩን መዝለል አልችልም፣ መስበርም አልተማርኩም። ምን እንደማደርግ ጨርሶ አላውቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለአሥራ አንዱ ገጽ፣ ለጥሩው ወረቀትና ለጊዜዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም ወንድም ወይም እህት ካለዎት በቀላሉ የሚደርሱበት ቦታ ያኑርልዎ እላለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣ ድልድዩ በር ላይ የቀረችው
ሄስተር ትሪንደር

ሳልረሳው፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዳመሰገንኩዎ አሁን መልሼ ሳነበው ታየኝ። አንድ ቀን ከቆርቆሮ ውስጥ ወጥቶ፣ መንገዱን የዘጋችሁት በእኔ ፈቃድ ነበር ተብሎ እንዳይጻፍብኝ፣ ከወዲሁ በገዛ እጄ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ፤ አልፈቀድኩም።