የሲና ባጃጅ የት ታድራለች

ኅዳር 6
ሲና ከሰዓት በኋላ ባጃጇን ይዛ ጋራዤ መጣች። ያው የማርሹ ነገር ነው። "ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ አልገባም ይለኛል። መያዣውን ባዞረው ባዞረው... ድንጋይ!" መዳፏን አሳየችኝ፣ ቀልቷል። ባጃጇን ይዤ ወጣሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ... ቅቤ! "እኔ ጋ ስትመጣ ትድናለች" አልኳት። ሳቀች።

የማርሹን ሽቦ፣ ካቦውን፣ ትንሽ ወጠር አደረግኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ባጃጇን በውሃ ጎማ ከላይ እስከ ታች አጠብኩላት። የሌላ ሰው ባጃጅ አጥቤ አላውቅም። ይሄን ታውቅልኝ ይሆን?

ከገና በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። አባቷን ጋሽ ኃይለ ኢየሱስን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል እንጂ... እልካለሁ።

ኅዳር 13
ዛሬ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አወረድኩት። የፍሪሲዮን ሸራ ቀየርኩ፣ ዘይት ቀየርኩ። ምንም የለበትም! አጥቤ ሰጠኋት። 

ኅዳር 14
ጠዋት ደወለች... "አወቀ፣ ብሶባታል።"

ኅዳር 19
ከጋራዤ ፊት ለፊት አዲስ መካኒክ ገባ። ምንይሉ ይባላል፣ ከመርሐቤቴ ነው የመጣው። ባና ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። የቆላ ሰው እዚህ ዘመሮ የመንዝን ብርድ እንዴት ሊችለው ነው? እስከ ጥምቀት አይከርምም።

ኅዳር 21
የጽዮን ዕለት፣ በበዓል ምድር፣ ሲና ምንይሉ ጋ። በርጩማ አውጥቶላት ተቀምጣለች። ሰውዬው ቁልፍ እንኳ አላነሳም። ያወራል። ታወራለች። ትስቃለች። ምን ያስቃል? ማርሽ ያስቃል እንዴ?

እኔ ጋ ቁጭ ብላ አታውቅም። በርጩማ አውጥቼላት ነበር? ... አላወጣሁም። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 24
ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ነጭ እንደሆነ፣ የሲና ባጃጅ ከምንይሉ ግቢ ስትወጣ አየሁ። እዚያ ነው ያደረችው! ባጃጇ እዚያ ካደረች... ሲናስ?

ቀኑን ሙሉ የምንይሉን በር ስጠብቅ ዋልኩ።

ኅዳር 25
ዛሬም እዚያ አደረች።

ኅዳር 28
ሲና ራሷ መጣች። ቀና ብዬ አላየኋትም።
"አኩርፈሃል እንዴ?"
"ሥራ ይዣለሁ።"
"ማርሹ ዳነልኝ እኮ።"
ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ። እሷ ግን ነገረችኝ። ምንይሉ ሳይፈታ በፊት ባጃጇ የት ታድራለች ብሎ ጠየቃት። ደጅ፣ ከአጥሩ ሥር አለችው። ማን ያጥባታል አላት... አወቀ አለችው! የካቦውን አናት የሚሸፍነው ጎማ ተቀዶ ኖሯል። በታጠበች ቁጥር ውሃ ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት ካቦው አይላወስም። ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጣል። እኔ ጋ ስትመጣ ድና የምትገኘው ለዚህ ነው። ካቦውን አውጥቶ አድርቆ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ አናቱን ደፍኖ መለሰው። "ለባጃጇ ጣሪያ እስኪሠራላት ደግሞ እኔ ጋ ዳስ ሥር ትደር አለኝ። እኔ በእግሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ" አለች፣ ያሰብኩትን ያወቀችብኝ ይመስል።

መንዝ ተወልጄ፣ መንዝ አድጌ፣ ውርጭን የመርሐቤቴ ሰው ያስተምረኝ? ያውም እኔው ባጠብኩት ውሃ! ስንት ጊዜ ፈትቼ ስገጥም፣ የት ታድራለች ብዬ አልጠየቅኳትም። ሌላም ነገር አልጠየቅኳትም።

በባጃጇ በኩል ልቤ አረፈ። በሰውዬው በኩል ግን ባሰብኝ።

ታኅሣሥ 17
ለሽምግልናው ያሰብኳቸው ቄስ ገብረ አማኑኤል መንገድ ላይ አገኙኝና "ከጾሙ በኋላ ጉዳይ አለኝ ብለኸኝ አልነበር?" አሉኝ። "ትንሽ ይቆይ አባ" አልኳቸው። ልቧ እዚያ ከሆነ ሽማግሌዎቼ ተዋርደው ሊመለሱ? ትንሽ ልይ...

ጥር 1
ምንይሉ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።
"አወቀ፣ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ከቄስ ገብረ አማኑኤል ጋር ሽማግሌ ሁነኝ።"
"ማን ቤት?" አልኩት፣ እያወቅኩ።
"ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ቤት። ከሲና ጋር ተነጋግረናል።"
ሽምግልና እምቢ አይባልምና እሺ አልኩት። ይሄ ለሰው የሚነገረው ነው። እውነቱ ሌላ ነው፣ ላፈርሰው ነው የምሄደው። እዚያ ቤት አንድ ቃል ይበቃል... "ዘሩን አናውቅም" ማለት ብቻ። ሌላው ሁሉ በራሱ ይፈርሳል።

ጥር 4
ሄድን። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ በር ላይ ተቀበሉን። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ አለ። ቄሱ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆመው ተናገሩ። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።
"አንተ የሙያ ጓደኛው ነህ። ምን ዓይነት ሰው ነው?"
ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሲና አለች። ኮቴ የለም፣ ሳል የለም... እየሰማችኝ ነው። እንዲህ ጭጭ ብላ የምትጠብቀው ለእኔ ቢሆን!
"ጥሩ ሰው ነው" አልኩ። "እህት ብትኖረኝ እሰጠዋለሁ።"
እንዲህ ያለሁት እኔ ነኝ? እኔው ነኝ። ዋሽቼም አይደለም፣ ለዚህ ነው የሚያቃጥለው።

ተቀመጥን፣ ጠላ ቀረበ። ለቁርጡ መልስ ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ ተባልን። ስንወጣ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።
"ሽማግሌ ይመጣል ሲሉኝ ያንተ መስሎኝ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው። "እናቷም ያንተ ነው ብላ ነው ጠላውን የጠመቀችው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመህ ሳይህ ነው እንዳልሆነ ያወቅኩት። ባለጉዳዩ ራሱ አይመጣማ።"

"ደህና ይዋሉ" አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?