ጫጩት ዶሮ አይደለም ላሉት የኬላችን ኃላፊ

ለተከበሩ የድንበር ኬላችን የእንስሳት ጤና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ በእኛ መንደር ጤና ከጠፋ ስለሰነበተ፣ ቢያንስ በእርስዎ ቤት እንዳለ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ናብዊሬ እባላለሁ፤ ከኬላው ዝቅ ብሎ ባለው የሳሚያ መንደር ዶሮ አርቢ ነኝ፤ ይልቁንም ነበርኩ። የወፍ ጉንፋን ከማዶ እንዳይሻገር በሚል ዶሮ ከነሕይወቱ ወደ አገር እንዳይገባ ያገዱ ዕለት፣ መንደሩ ሁሉ ሲያጉረመርም እልል ያልኩት ሴት እኔ ነኝና፣ ምስጋናዬ የወዳጅ ምስጋና መሆኑን ይወቁልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥብቅነትዎ አመሰግናለሁ። አክስቴ ታካ ከማዶ ለልጄ ሠርግ ስትመጣ በብብቷ የያዘችውን አንድ አውራ ዶሮ፣ ጓንት ያጠለቁ ሰዎችዎ ነጥቀው ዓይኗ እያየ አቃጠሉባት። «ባዶ እጄን ሠርግ ቤት ልግባ? ምን ይሉኛል?» ብላ ስታለቅስ፣ «ሕግ ነው አክስቴ፤ ለእኛው ብለው ነው» እያልኩ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ሠርጉ እስኪያልቅ ከጓሮ አልወጣችም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋ ዕውቀትዎ። በዚያው ሳምንት ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና በኬላው ሲያልፍ ውስጡ ሲንጫጫ ሰምቼ ቢሮዎ ድረስ ሮጥኩ። እርስዎም የሻይ ብርጭቆዎን ሳያስቀምጡ፣ «እማማ፣ እነዚያ እኮ ጫጩቶች ናቸው። እገዳው የሚለው ዶሮ ነው» ብለው አስረዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ሳረባ፣ ጫጩት ሲያድግ ምን እንደሚሆን ሳላጣራ መኖሬ አሳፈረኝ።

የመኪናው ባለቤት የሆነው ነጋዴ ጫጩቶቹን በገበያ ቸበቸባቸው። ጎረቤቴ ኤጌሳም ገዛ። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ዶሮዎች ጭንቅላታቸው እያበጠ፣ ፊታቸው እየጠቆረ ይወድቁ ጀመር። እሱ ግን ሥጋው እንዳይባክን የታመሙትን እያረደ ሲበልት ደረስኩና፣ «ተው አንተ ሰው፣ ቅበረው!» ብዬ ጮህኩ።

«የእኔ ዶሮ መቃብሩ ሆዴ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ጊዜ ደወልኩልዎ፤ በራዲዮ «የታመመ ወፍ ያየ ይደውል» ያሉት እርስዎ ነዎትና።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ለፈጣን ምላሽዎ ነው። ነጭ የለበሰው ቡድንዎ በማግስቱ መጣ፤ የመጣው ግን ወደ ደወለችው ሴት ነበር። ኤጌሳ መኪናውን ከሩቅ አይቶ የቀሩትን በብስክሌት አሽሽቷቸዋል። «የጎረቤቴስ?» ብል፣ «እዚያ ዶሮ የለም። ጥቆማው የመጣው ከእርስዎ ነው» አሉኝ። አንዳቸውም ያልታመሙት ዶሮዎቼ ጆንያ ውስጥ ሲንፈራገጡ ቆሜ አየሁ። በሽታው አጥር መሻገሩ ስለማይቀር መገደላቸው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ነጋዴውን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም፤ መኪናውም ትናንት እንደገና አልፏል።

ኤጌሳ አሁን ሆስፒታል ተኝቶ በኦክስጅን ይተነፍሳል። ሚስቱ በመስታወት ታየዋለች እንጂ እጁን መንካት አልተፈቀደላትም። እዚህ ላይ ማላገጡ አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ በአክስቴ ላይ የዘጉትን ኬላ በመኪናውም ላይ ይዝጉት።

በባዶ የዶሮ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣
የእገዳዎ የመጀመሪያዋ፣ ምናልባትም የመጨረሻዋ ደጋፊ፣
ናብዊሬ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ከወንዙ አጠገብ የምትኖር አንዲት ሴት ዶሮዎቿ አንገታቸውን እየደፉ መሆኑን ሹክ አለችኝ። የቢሮዎን ስልክ ልሰጣት ስል፣ «ተይኝ እባክሽ፤ እንዳንቺ ልሁን?» ብላኝ ሄደች። ስለዚህ እንኳን ደስ አለዎት፤ ከእንግዲህ ከመንደራችን አንድም የታመመ ዶሮ ሪፖርት አይደርስዎትም።