ከአባዬ የመጣችው ፊደል

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003
ዛሬም ወንበር ላይ ቆሜ አስተማርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃያ። ሁለተኛ ክፍሎች ለምደውኛል። ወገቤ ግን አላስቆም አለኝ፤ ረቡዕ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።
ኤርካሎ ደወለ። «መልስሽን እየጠበቅኩ ነው» አለ። አግቢኝ ካለኝ ዓመት ሞላው። ልጃችን እንደኔ ብትሆንስ? እንዴት ልንገረው...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10
ዶክተር ሚስጥር ኤክስሬዬን አይታ የወገቤን መድኃኒት ጻፈችልኝ። ከዚያ፣ «ለምን አጭር እንደሆንሽ የነገረሽ ሰው አለ?»
የለም።
የዕድገትን መልእክት የሚቀበል ጂን አለ፤ ስሙ ኤፍ ጂ ኤፍ አር ሦስት። (አምስት ጊዜ አስደገምኳት።) ሥራው አጥንት ከልክ በላይ እንዳይረዝም መያዝ። የእኔ ላይ ጂኑ ከተጻፈባቸው ፊደላት አንዲቷ ተለወጠችና መያዙን አልተው አለ። ከሦስት ቢሊዮን ፊደል አንዲቷ...
«እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና ሸክም ስላበዛች ነው ይላሉ» አልኳት።
«ሸክም ፊደል አይለውጥም። ወላጆችሽ ረጃጅም ከሆኑ፣ ለውጡ ባንቺ ነው የጀመረው። አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ዘር ነው የሚመጣው፤ በተለይ ዕድሜው ከገፋ። የማንም ጥፋት አይደለም።»
ልጅ ብወልድስ? ግማሽ በግማሽ ነው፣ አለች።
አባዬ ስወለድ ሃምሳ ዓመቱ ነበር። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13
ሁምቦ፣ እናትና አባቴ ጋ። እማዬ በቆሎ እየፈለፈለች ነገርኳት። የአባዬ እህቶች ዕድሜዬን ሙሉ «ልጅቷን በሸክም አሳጠረቻት» ሲሏት ኖረዋል። እጇ ቆመ።
«እኔ አይደለሁም?»
«አይደለሽም፣ እማዬ።»
«እሱ ነው?»
«ጥፋት አይደለም። ግን... ከእሱ ሳይሆን አይቀርም።»
ከዚያ ሳቅ። በቆሎው እስኪበተን ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ። አባዬ ከደጅ፣ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ። ነገርነው። አሰበ፣ አሰበ።
«ታዲያ ጉብዝናዋም ከእኔ ነዋ።»
እማዬ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወዴት? ታላቋ አክስቴ ቤት።

እሁድ፣ ጥቅምት 14
እማዬ ወሬውን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች። ጂኑን «የአባትዬው ፊደል» ትለዋለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18
ኤርካሎን ለምሳ ከቢሮ ሲወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ግማሽ በግማሹንም።
ኮፍያውን አወለቀ። «የእኛ ቤት ወንድ በሠላሳ አምስቱ ራሰ በራ ነው። አያቴ፣ አባቴ፣ ይኸው እኔ። ልጃችን ቢመለጥ ትጠዪዋለሽ?»
«ለምን እጠላዋለሁ?»
«እኔስ አጭሯን ለምን እጠላታለሁ?»
እሺ አልኩት። ዓመት ሙሉ አልወጣም ያለኝ ቃል፣ እንዲሁ ወጣ። እጁን ያዝኩ፤ በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ። ተማሪዎቼ አዩን። ይዩን።