አምስት የዛሬ፣ ሁለት የተረሳ፦ የመምህር ይትባረክ ገብረ መድኅን የሕይወት ታሪክ

መምህር ይትባረክ ገብረ መድኅን በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድኅን ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች አሰፋ ሐምሌ 9 ቀን 1958 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው፣ በ1979 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው የመጀመሪያ ምድባቸው በድሬዳዋ ዙሪያ ያለችው የገጠር ቀበሌ ዋሂል ሆነች።

በዋሂል ተማሪዎቻቸው በገበያ ቀን ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚውሉ፣ ሰኞ የተማሩት ሐሙስ ላይ ጠፍቶ ይገኝ ነበር። መምህር ይትባረክ ልጆቹን ከመገሠጽ ይልቅ የቤት ሥራውን ለወጡት። በየቀኑ ሰባት ጥያቄ መስጠት ጀመሩ፤ አምስቱ ከዕለቱ ትምህርት፣ ሁለቱ ከወር በፊት ካለፈውና ከተረሳው። በሰሌዳ ላይ የተሠራ ሂሳብ፣ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ እስኪሠራው ድረስ የመምህሩ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የያኔው ተማሪያቸው፣ ዛሬ በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ነጋዴ የሆኑት አቶ ዐብዲራዛቅ፣ በለቅሶ ቤት፣ “ዋላሂ፣ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ስረግማቸው ነው ያደግሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ካልኩሌተር አልነካም” ሲሉ አስታውሰዋቸዋል።

በ1986 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ማስተማር ጀመሩ። በ1988 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉነሽ ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ሳሌምንና ጢሞቴዎስን ወልደዋል። በክረምት መርሐ ግብር ተምረውም በ1999 ዓ.ም. በሂሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል። በቤታቸው ምሳ የሚቀርበው የተማሪ ደብተር ከጠረጴዛው ሲነሣ ነበርና፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “ግቡ፣ ከደብተሮቹ የተረፈ ወንበር አለ” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዓመት ወደ ዓመት ግን በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ከአርባ ወደ ሰባ ሁለት አደገ። በቀን አምስት ክፍል የሚያስተምር ሰው ያን ሁሉ ደብተር ማንበብ አይችልም። መምህር ይትባረክም ሳይወዱ፣ ሥራው መሠራቱን ብቻ እያዩ መፈረም ጀመሩ። ቤተሰባቸው እንደሚያውቀው፣ በሙያ ዘመናቸው ሁሉ ያዘኑበት ውሳኔ ይህ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ያስተማሩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ያመጣ ነበር። በክፍል ፈተና ግን አብዛኛው ተማሪ ከሃያው ነጥብ ሦስት ወይም አራት ብቻ ያገኝ ነበር። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ትምህርቱን ደገሙት፤ ሰባቱን ጥያቄም ወደ አሥር አሳደጉ። በታኅሣሥ ወር ሕመም ጸንቶባቸው ቤት ሲውሉ የክፍሉን ደብተሮች አስመጥተው አንድ በአንድ አነበቡ። ከሰባ ሁለቱ ደብተር በኀምሳ ስምንቱ ውስጥ፣ በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ መሥመር ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት አገኙ። ስሕተቱ የወንድማቸው ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የፋና ነበር። ፋና ጓደኞቿን የረዳች መስሏት የሠራችውን በየጠዋቱ ፎቶ አንሥታ በክፍሉ ቴሌግራም ትልክ ነበር።

ወደ ክፍል ሲመለሱ አልተቆጡም። ስሕተቱን በሰሌዳ ላይ ጽፈው የማን እንደሆነ ጠየቁ። ቡልቻ የተባለ ተማሪ ከኋላ፣ “አቦ ቲቸር፣ ፋና ከተሳሳተች እኛ ትክክሉን ከየት እናምጣው?” ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እሳቸውም አብረው ሳቁና፣ “ልጆቼ፣ የተሳሳተችው ፋና ብቻ ናት። እናንተ ለመሳሳት እንኳ አልሞከራችሁም” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤት ሥራ ነጥብ መስጠት ትተው፣ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ከፈቱ። ተማሪው ስልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አኑሮ ብቻውን ይሠራል፤ እሳቸው በየወንበሩ እየዞሩ የተሳሳተበትን ቦታ በጣታቸው ያመለክታሉ እንጂ አይሠሩለትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ አንድ ተማሪ መጣ። ፋሲካ ሲደርስ የሚመጡት ስድስት ብቻ ሆኑ። አንዳንዱ ሱቅ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ገብቷል፤ ለሌላው ደግሞ ነጥብ የሌለበት ልፋት ጥቅሙ አልታየውም። ፋና ደብተሯን መላክ ብታቆምም ክፍሉ አንዴ መልሱን ከስልክ መውሰድ ለምዶ ነበር። አንድም ቅዳሜ ያልቀረው ያ ቀልደኛው ቡልቻ ነበር።

የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ሲገለጽ ከሰባ ሁለቱ ያለፈችው ፋና ብቻ ሆነች። ዘመድ በደስታ ሲሰበሰብ መምህር ይትባረክም መጥተው መረቋት፤ ወዲያውም የቡልቻን ውጤት እንድታሳያቸው ጠየቋት። ቡልቻ በሂሳብ ከመቶ ኀምሳ ስድስት አግኝቶ በድምሩ ወድቋል። መምህር ይትባረክ፣ “ሌላውን ትምህርት ማን ያሠራው?” ብለው ስልኩን መለሱላት። ቡልቻ አሁን ለውትድርና ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብቶ በመሆኑ ዛሬ በቀብሩ ሊገኝ አልቻለም።

መምህር ይትባረክ ለዓመታት በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኩላሊታቸው በመዳከሙ ከኅዳር ወር ጀምሮ አልጋ ያዙ። በሕክምና ሲረዱ ሰንብተው ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉነሽን፣ ልጆቻቸውን ሳሌምንና ጢሞቴዎስን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶፊን፣ እንዲሁም ወንድምና እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ያስተምሯቸው ለነበሩት አምስት ክፍሎች ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ምትክ መምህር አልተመደበም። የቅዳሜው ክፍልም ተቆልፏል።

የሕይወት ታሪክን በተስፋ ቃል መዝጋት የተለመደ ነው። አዘጋጇ ግን ያልደረሰችበትን መልስ መጻፍ ከእሳቸው አልተማረችም።

የሰውን ልፋት በውጤቱ የማይመዝን አምላክ የመምህር ይትባረክን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።