ጀርባዬን ሰጥቼ ያነሣሁት ፎቶግራፍ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ መስዑድ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ሙታን ዘንድ የሚሄድ ታንኳ የለም፤ ሕያው ከሆንህም የት እስር ቤት እንዳለህ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ብቻ እጽፋለሁ። አባቴ የወረታ ነጋዴዎችን ደብዳቤ እንዳነብለት ብሎ ፊደል ሲያስቆጥረኝ «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ያሉት ሰዎች ዛሬ ቢያዩኝ መልሱን ባገኙት ነበር። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። እዚህ ሰው ስለሌለ፣ እንደ ጓዳችን አንተ እልሃለሁ።

ነሐሴ ላይ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎቹ፣ «ሽፍታ በሐይቁ አሻግረሃል» ብለው ከታንኳህ አውርደው ሲወስዱህ፣ ቶሎ እንደምትመለስ ነበር ያሰብሁት። ማሻገርህ እውነት ነበር፤ ግን ምስክር አልነበራቸውም። ከዚያ አንድ ነጋዴ ከእንፍራንዝ መጣ። እስረኞችን ከመኪና አውርደው መንገድ ዳር ረሸኗቸው፣ ከመካከላቸው አንድ የባሕር ዳር ታንኳ ሠሪ ነበረበት ሲባል ሰማሁ አለ። ስምህን አልጠራም። «ታንኳ ሠሪ እሱ ብቻ ነው ወይ?» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። የሚቀበር ጀናዛ ሳይኖር ተሰገደልህ፤ ሰደቃም ወጣልህ።

የሰደቃው ሰው ሲበተን እናትህ አጠገቤ ቁጭ አሉና «በይ እንግዲህ ዘሊካ፣ ሹሩባሽን ፍቺ» አሉኝ። «ባሏ የሞተባት ሴት ተጎንጉና አትቀመጥም። ተፈትተሽ፣ ታጥበሽ አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳሽን ተቀመጪ።»

«ራሴን ያመኛል እማማ፣ ነገ እፈታዋለሁ» አልኋቸው።

ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ አልሁ። ሻሼን እስከ ማጅራቴ አጥብቄ አስሬ፣ ዒዳውንም ትቼ፣ ዓሣዬን ተሸክሜ ወደ ወደቡ እወጣ ጀመር። ሴቶቹ ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። እናትህ «ይህች ልጅ በልጄ ሬሳ ላይ ተሽሞንሙና ልትኖር ነው» ብለው ለጎረቤት መናገራቸውን ሰምቻለሁ። ቢናገሩ አልፈርድባቸውም። ሞትህን አልቀበል ማለቴ እውነት ነው፤ ግን ሹሩባውን ያልፈታሁት በዚያ ብቻ አልነበረም።

በተወሰድህበት ቀን ዋዜማ ከቀትር በኋላ ዝናብ ነበር። የታንኳው ደንገል ረጥቦብህ፣ ሥራ ፈትተህ ገባህና በሩን ከውስጥ ቀርቅረህ «ነይ ቁጭ በይ» አልኸኝ። እህት በአጠገቤ የለችኝ፣ ዘመዶቼ ወረታ የቀሩብኝ ሴት ነኝ፤ ከተጋባን ጀምሮ ፀጉሬን የምትሠራው አንተ ነህ። ባል የሚስቱን ፀጉር ሲጎነጉን ማን አይቶ ያውቃል? ታንኳ ሠሪዎቹ ቢሰሙ እስከ ልጅ ልጅህ የሚደርስ ስም ያወጡልህ ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለህ አስምለኸኛል። እኔም ሲጠይቁኝ ከዘጌ የምትመጣ ሠሪ አለችኝ እያልሁ ኖርሁ።

ያን ዕለት ጣትህ ጠንክሮ ነበር።

«ቀስ በል እንጂ! የማንን ታንኳ ነው የምታስረው?»

«ታንኳ ቢሆን እንዲህ አይጮህም ነበር» አልኸኝ።

ስትጨርስ የእያንዳንዱን ጉንጉን ጫፍ፣ የደንገሉን ነዶ በምታስርበት አስተሳሰር፣ ሁለት ዙር ጠምዝዘህ ወደ ውስጥ ሰደድኸው። እንዲህ አድርጋ የምትቋጥር ሴት በባሕር ዳር የለችም። «ከየት ተማርኸው?» ስልህ ሁልጊዜ «ከታንኳ» ነው መልስህ። ከዚያ እጅህን ማጅራቴ ላይ አሳርፈህ «ከኋላ እንዴት እንደምታምሪ ብታዪ!» አልኸኝ። «ከኋላ ዓይን የለኝ፤ አንተ እይልኝ» አልሁህ። በማግሥቱ ወሰዱህ።

እንግዲህ አስበው። የእጅህ ሥራ ራሴ ላይ አለ። አገር ያላየው፣ አንተ ብቻ ያየኸው፣ እኔ ባለቤቱ አንድ ቀን እንኳ ያላየሁት። ያለችኝ ስባሪ መስታወት ፊቴን እንጂ ማጅራቴን አታሳይም። ሐይቁ ላይ ባጎነብስም የሚታየኝ ያው ፊቴ ነው። ከፈታሁት ደግሞ የሚመልሰው የለም። ፀጉሩም በበኩሉ መታገሥ አቅቶት ነበር፤ ሥሩ አድጎ ላልቷል፣ ቀንና ማታ ይበላኛል፣ በሻሼ ውስጥ ስንጥር እየሰደድሁ አከክ ነበር። መፍታቱ አይቀርም። አንድ ጊዜ፣ አንተ ያየኸውን አይቼ ልፍታው ብዬ ነው የዋልሁ ያደርሁት።

እናትዓለምን አታውቃትም። መንገድ የሚያሠራው ጣሊያን ከጎንደር ይዟት የመጣ ልጅ ናት፤ ቤቱን ትይዝለታለች። ሰው ስሟን እያነሣ ይተፋል፤ እኔ ግን ዓሣ ስትገዛኝ ደግ ልብ አየሁባት። ሰውየው ፎቶግራፍ ማንሻ እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት።

«ያየውን ሁሉ ያነሣል» አለችኝ። «ዛፍ ያነሣል፣ አህያ ያነሣል፣ የተሰቀለ ሰው ያነሣል።»

«የሰውን ማጅራትስ ያነሣል?»

ሳቀች። ነገሩን ስነግራት፣ ሰውየው ወደ ዳንግላ በሄደበት ሳምንት ፎቶግራፍ ማንሻዋን ሳጥን በዓሣዬ ቅርጫት ደብቃ አመጣችልኝና «ዙሪ፣ እኔ ላንሣሽ» አለችኝ። አይሆንም አልኋት። ለወንድ ፀጉሬን አላሳይም፤ ይህ የታወቀ ነው። ለሴት ማሳየት ነውር አይደለም። ግን ይህን ሹሩባ ሴት ያየችው እንደሆነ የሴት እጅ እንዳልሠራው ወዲያው ታውቃለች። በሞተ ሰው ላይ ሴቶች ሲሣሣቁ ልሰማ ነው? «ምሥጢር ነው፣ ብቻዬን ነው የማነሣው» አልኋት። «እመቤቴን! ራስሽን ከኋላ እንዴት አድርገሽ?» ብላ አማተበች። ቢሆንም አስተማረችኝ።

ጁምዓ ዕለት ወንድምህ ሙሔ ወደ መስጊድ፣ እናትህም ወደ ጎረቤት ሲሄዱ ጓሮ ገባሁ። አንተ ከምረኸው የቀረው ደንገል አሁንም እዚያው አለ። ሳጥኗን ከላዩ አስቀምጬ እንዳትነቃነቅ ግራና ቀኟን በድንጋይ ደገፍኋት። አናቷ ላይ ካለችው ትንሽ መስታወት ከፊቷ ያለው ነገር ይታያል። ችግሩ፣ እኔ ከመስታወቷ ዘንድ ስሆን በርጩማው ባዶ ነው፤ በርጩማው ላይ ስቀመጥ ደግሞ መስታወቷን የሚያይልኝ የለም። ብዙ ዞርሁ፤ እየተመላለስሁ ብቀመጥ፣ ብነሣ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ እንስራውን አምጥቼ በርጩማው ላይ አስቀመጥሁና ሁለተኛውን ሻሼን አሰርሁለት። እንደ እኔ ቁመት እስኪሆን ከሥሩ ሣር ጎዘጎዝሁለት። እንስራው መስታወቷ መካከል እስኪገባ ድረስ ሳጥኗን አቃናሁ። ሻሽ ያሰረ እንስራ ተቀምጦ ሳየው ሳቄ መጣ። ብትኖር ኖሮ «ከአንቺ እሱ ያምራል» ትለኝ ነበር። መርዶህን ከሰማሁ ወዲህ የሣቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሳጥኗ ጎን፣ ስትሳብ በምታነሣው ምላስ መሳይ ብረት ላይ፣ የመረብ ክር አሰርሁና ክሩን ከታች በተከልሁት ችካል አዙሬ እስከ በርጩማው አመጣሁት። በእጄ ብስበው ትከሻዬ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከእግሬ አውራ ጣት ጋር አሰርሁትና እንስራውን አንሥቼ፣ ጀርባዬን ለሳጥኗ ሰጥቼ በቦታው ተቀመጥሁ። ሻሼን ፈታሁ። ፀሐይ ማጅራቴን ሲነካኝ ከኋላዬ አንተ የተቀመጥህ መሰለኝ። ወላሂ፣ ትንፋሽህን ጠበቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን ሳብሁ፤ ሳጥኗም ቀጭ አለች።

አሁን ደግሞ ሞኝነቴን ስማ። ሥዕሉ ሳጥኗ ውስጥ እንደ እንቁላል ተዘግቶ ቆይቶ፣ እናትዓለም ከፍታ የምታመጣልኝ መስሎኝ ነበር። በጨለማ ቤት የሚያጥበው፣ እያጠበም የሚያየው ሰው እንዳለ ማን ነገረኝ! እሷም አታውቅ። ከወንድ ዓይን ሸሽቼ፣ ከሴት ዓይን ሸሽቼ፣ በገዛ እግሬ ስቤ ፀጉሬን ለጣሊያን ሰጠሁት።

እናትዓለም ወደ ወደቡ መጥታ አልቅሳ ነገረችኝ። ሰውየው ከዳንግላ ተመልሶ፣ አጥቦ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ደስ አለው፤ ማን እንደሆነች ቢጠይቃት አላውቅም አለችው። ከዚያ አባዝቶ ለወታደሮች የፖስታ ካርድ ለሚሸጠው ሱቅ ሰጠው። ያን ዕለት ዓሣዬን እዚያው ጥዬ ገባሁ። የሚያውቀኝ እንደሌለ ባውቅም መንገዱ ሁሉ ማጅራቴን የሚያየው ይመስለኝ ነበር። እሷም ከዚያ በኋላ ወደ ወደቡ አልመጣችም።

ትናንት ሙሔ አንዱን ካርድ ይዞ ገባ። ዓሣ የሸጠለት ወታደር ነው የሰጠው።

«እማ፣ ጉድ ይዩ! የሴት ፀጉር ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይሸጣሉ። የማን ልጅ ትሆን እንዲህ የተዋረደች?»

እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እናትህ ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ጣታቸውን ከአንዷ ጉንጉን ጫፍ ላይ አሳረፉ።

«ሙሔ፣ ሂድ መረቡን ሰብስብ» አሉት።

«አሁን እኮ ነው የዘረጋሁት።»

«ሂድ አልሁህ!»

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ሻሽሽን አውልቂ» አሉኝ። አወለቅሁ። ከኋላዬ ቆመው ካርዱንና ራሴን አስተያዩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር።

«ይህ የመስዑድ እጅ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«እህቱ የሞተችብኝ ጊዜ የሚሠራኝ ሰው አጣሁ። የራሴ እጅ ወደ ኋላ አልታጠፍ አለኝ። እሱ ገና ልጅ ነው፤ ‹እማ፣ እኔ ልሥራልዎ› አለኝ። ጫፉ እየተፈታ ሲያስቸግረው አባቱ ደንገል ሲያስር አየና እንደዚያ አሰረው። አንቺን እስኪያገባ ድረስ እሱ ነው የሠራኝ። ለማንም እንዳይናገሩ ብሎ አስምሎኛል።»

ከታንኳ ነው ብለህ እናትህን የደበቅኸኝ አንተ ውሸታም! ሁለታችንንም አስምለህ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ምሥጢርህን ይዘን እርስ በርሳችን ስንደባበቅ ኖርን።

ከዚያ ካርዱን ሰጡኝ። አየሁት። መስመሮቹ ከግንባሬ ጀምረው ወደ ማጅራቴ ይወርዳሉ፤ በግራ ጆሮዬ በኩል ያለችው አንዷ ጠማማ ናት፣ ስጮህብህ የሠራኻት መሆን አለባት። እንደምታምር ስትነግረኝ ልታባብለኝ ይመስለኝ ነበር። እውነትህን ነበር መስዑድ። እንዲህ አድርጎ የሠራኝ ሰው ይወደኝ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ይህን በአፍህ ነግረኸኝ አታውቅም።

እናትህ ቀና ብለው የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ሊፈቱ ያዙ። ወዲያው ለቀቋት።

«እኔ አልችልም» አሉ። «እኔ የፈታሁት እንደሆነ ቀበርሁት ማለት ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ፍቺ እያሉ ሲነዘንዙኝ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አሁን መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳያቸው አሳዘኑኝ። መርዶው ሲመጣ አላለቀሱም፤ የአላህ ፍርድ ነው ብለው ሰደቃውን ሲያሰናዱ ነው የዋሉት። እኔም አላለቀስሁም፤ ሻሼን ሳጠብቅ ነው የከረምሁት። ሁለት ሴቶች አንተን አንቀብርም ብለን ሳናለቅስልህ ቀረን።

«እኔ እፈታዋለሁ» አልኋቸው። «ብቻ አይታየኝም። እርስዎ ካርዱን እያዩ ይንገሩኝ።»

እጄን ወደ ኋላ ሰደድሁ። «ከቀኝ ጀምሪ» አሉኝ። «አሁን ከእሷ ቀጥላ ያለችውን። አይደለም፣ ዝቅ በይ።» ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ በጥፍሬ እየቆፈርሁ አወጣሁት። አንድ አንድ እያልሁ ስፈታ ከራሴ ላይ ሸክም የሚወርድልኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ባዶነት ነው የተሰማኝ። አንድ ቦታ ላይ ካርዱን ከጉልበታቸው አኖሩ።

«የቀረች አለች?» አልሁ።

«ጠማማዋ» አሉ። ከዚያም «ጨርሺው ልጄ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ስፈታት እሪ አሉ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ፣ ስምህን እየጠራን፣ እንደ ሰው ወግ አለቀስንልህ። ማታ ውሃ አሙቀው ፀጉሬን በእጃቸው አጠቡልኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ዒዳዬን ተቀምጫለሁ። ሙሔ ስለዚያች ያላፈረች ሴት አሁንም ያወራል፤ እናትህና እኔ መሬት መሬቱን እናያለን። ካርዱ በወደቡ ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው አለ። ወታደሮቹ እየገዙ ወደየአገራቸው ይልኩታል፤ ባሕር የተሻገረም አይጠፋም። ሞተህ ከሆነ አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህንም ያስፋልህ። ነጋዴው ዋሽቶ፣ አንተ በሕይወት ኖረህ፣ አንዱ ካርድ ከእጅህ የገባ እንደሆነ ግን፣ ይህች ሴት እንደተጎነጎነች ትጠብቀኛለች ብለህ አትመን። ሥራህ በየሰዉ እጅ አለ መስዑድ። በራሴ ላይ ነው የሌለው።

ደህና ሁን።

ትናንት ባሏን የቀበረችው፣
ዘሊካ