አምቡሊ ላይ የሠራነው ቤት

ውድ መምህሬ ጋሽ ዓለምሰገድ፣

ድሬዳዋ እንዴት ይዛዎታለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ሳልጨርሰው አልነሳም።

እናቴ ወለተማርያም በጎርፍ ስትሞት ደውለው አጽናንተውኛል። ያኔ ልነግርዎት ፈልጌ ከአፌ ያልወጣ ነገር አለ።

ቤታችን የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ይርዳው እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ሃያ ዓመት በኪራይ ከኖረ በኋላ፣ ከከተማው ዳር አምቡሊ በኩል ርካሽ ቦታ አግኝቶ ቤት ሊሠራ ተነስቷል። እኔ ክፍል ውስጥ በደስታ ሳወራ ሰምተው ነው የመጡት። ሙቀቱ አይጣል ነበር፤ ሸሚዝዎ ጀርባዎ ላይ ተጣብቋል። የትምህርት ቤቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አቶ ይርዳው፣ ይህ የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ወንዝ ነው» አሉት።

«የምን ወንዝ? አሸዋ ነው እንጂ! ስንት ዓመት ስመላለስበት እግሬ ረጥቦ አያውቅም።»

«እዚህ ላይዘንብ ይችላል። እነዚህ የተጠጋጉ ቡናማ መስመሮች ተራራው ናቸው፤ እዚያ የዘነበው ሁሉ መውጫው በዚህ ሜዳ ነው። የድሮዎቹን ቤቶች ይዩ፣ እነዚህን ጥቁር ነጠብጣቦች። ሁሉም ከፍታው ላይ ነው የሰፈሩት፤ አንድም ወደ ወንዙ የወረደ የለም። የአገሩ ሰው ያውቀዋል።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው፣ «ፀዳል፣ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው። ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

ታይቶኝ ነበር፣ ጋሼ። ቦታችን ሁለት ሰማያዊ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ነበር። ግን ቀና ስል የአባቴን ዓይን አየሁ። ዕድሜውን ሙሉ «የራሴ» የሚለው ነገር ኖሮት የማያውቅ ሰው ዓይን ነበር።

«አልገባኝም» አልኩ። ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው ልጅ!

እርስዎም ካርታዎን ጠቅልለው፣ እናቴ የከፈተችልዎትን ለስላሳ ሳይጨርሱ ወጡ። አባቴ ከኋላዎ «ምቀኛ!» ሲል ሰምተውት ይሆናል።

ቤቱን ሠራን። ስድስት ዓመት ኖርንበት። እናቴ በር ላይ የኒም ዛፍ ተክላ ጥላ አወጣችለት። ደስተኞች ነበርን፤ ይህንንም ልደብቅዎት አልፈልግም።

ጎርፉ ረፋድ ላይ መጣ። ከተማው ላይ የረባ ዝናብ አልጣለም ነበር። አባቴ ወደብ፣ እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ትምህርት ቤት ነበርን። እናቴ ጎረቤታችንን ኻሊዳን ከነሁለት ልጆቿ እየገፋች ጣሪያ ላይ አወጣቻቸው። «አንቺም ነይ ብዬ እጄን ስዘረጋላት ግድግዳው ሄደ» አለችኝ ኻሊዳ።

አሁን ካርቲየ 1 ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። እርስዎ በለቀቁት ቦታ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የካርታ ንባብ ምዕራፍ ሲደርስ ግን በየዓመቱ ሰበብ ፈልጌ እዘለዋለሁ። ዘንድሮ መሸሹም ሰለቸኝ። ባለፈው እሑድ ለመዘጋጀት ካርታ ዘርግቼ ሳለ፣ አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጣቱን ሰማያዊው መስመር ላይ አድርጎ፣

«ያን ቀን ገብቶሽ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም ገብቶኝ ነበር» አለ። «መምህሩ እንዳሳየኝ ወዲያው ነው የገባኝ። ግን ቤቱ አጓጓኝ።»

ከዚያ በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። በእናቴ ቀብር እንኳን አላለቀሰም ነበር።

ጋሼ፣ ያን ቀን ብቻዎን ስለተውኩዎት ይቅር ይበሉኝ። እናቴን ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ ግን የለኝም። ሰኞ ዕለት ምዕራፉን አስተማርኩ፤ አንድም ገጽ ሳልዘል ጨረስኩት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። አባቴ ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል፤ መደወሉን ግን አልደፈረም። እባክዎ እርስዎ ይደውሉለት፤ ቁጥሩን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። የሚያነሳው ራሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝም ይልዎት ይሆናል። አይዝጉበት።

ተማሪዎ
ፀዳል ይርዳው
ጅቡቲ